ኦሃዮ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ካውንቲው ወዴት እየሄደ እንደሆነ እንዴት ማየት ይቻላል

ኮሎምበስ አካባቢ ሀበሻ ሲገናኝ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤት ጋ ይደርሳል፣ አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ፣ ኮሎምበስ ያለችበት ፍራንክሊን ካውንቲ ልቆይ ወይስ ወደ ጎረቤቱ ሊኪንግ ካውንቲ ወጣ ልበል ምናምን። እኔ ሪልተር አይደለሁም፣ ግን ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ አብዛኛው በነጻ ኦንላይን አለ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፕ ይዞ ቁጭ ላለ ሰው ይበቃዋል።

መጀመሪያ፣ "ይሰራል" የተባለውንና የተሰራውን ለዩ። በጃንዋሪ 2022 ኢንቴል ሊኪንግ ካውንቲ ውስጥ፣ ኒው አልባኒ ጎን፣ በ20 ቢሊዮን ዶላር ሁለት የቺፕ ፋብሪካ እሰራለሁ አለ፣ 3,000 ቋሚ ሥራ ይኖራል፣ ምርቱም 2025 ይጀመራል ተባለ፣ ሰዉም አካባቢውን በሩጫ ማየት ጀመረ። ከዛ በፌብሩዋሪ 2025 የመጀመሪያው ፋብሪካ ወደ 2030 እና 2031 ተገፋ። ፕሮጀክቱ ቀረ አልተባለም፣ ግን እሱን ብቻ ተማምኖ ለገዛ ሰው ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። በጃንዋሪ 2025 አንዱሪል የሚባለው የጦር መሳሪያ ካምፓኒም ፒካዌይ ካውንቲ፣ ሪከንባከር ኤርፖርት አጠገብ፣ ከ4,000 ሰው በላይ እቀጥራለሁ ብሏል፣ እሱንም በዚሁ ዓይን እዩት። ዳታ ሴንተሮቹ ደግሞ (ጎግል፣ ሜታ፣ አማዞን ሁሉም ኒው አልባኒ አካባቢ አላቸው) ሕንጻቸው ግዙፍ ነው፣ ግንባታው ካለቀ በኋላ ግን ውስጡ የሚሰራው ሰው ጥቂት ስለሆነ የቤት ፈላጊ ቁጥር ላይ የሚጨምሩት ያን ያህል አይደለም።

ቀጥሎ ሥራ። የፌደራሉ የሌበር ስታቲስቲክስ ቢሮ በየካውንቲው ቁጥር ያወጣል፣ ሥራ አጥነት ስንት ፐርሰንት ነው የሚለውን ብቻ አትዩ፣ ሰው ሥራ መፈለግ ሲያቆምም ያ ቁጥር ይወርዳል እኮ፣ በሥራ ላይ ያለው ሰው ብዛት ከአምና ጨምሯል ወይ የሚለው ይበልጣል። ማን እንደሚቀጥርም እዩ። ፍራንክሊን ውስጥ የስቴቱ መንግሥት አለ፣ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ኔሽንዋይድ ኢንሹራንስ፣ ቼዝ ባንክ አሉ፣ ስለዚህ አንዱ ቢያነጥስ ካውንቲው አይታመምም። አንድ ፋብሪካ ብቻ ይዞ የቆመ ካውንቲ እንደዛ አይደለም።

ከዛ የሕዝቡን ቁጥር ከግንባታ ፈቃድ ጋር አስተያዩ። በ2020 ቆጠራ ፍራንክሊን 1.32 ሚሊዮን፣ ሊኪንግ 178 ሺህ ገደማ ነበር። ሴንሰስ ቢሮ በየካውንቲው የወጣውን የቤት ፐርሚት ያወጣል፣ ሰዉ ከቤቱ በፈጠነ ቁጥር ዋጋ ይገፋል፣ ቤቱ ሲቀድም ይረግባል። ገዝቶ ለማከራየት ያሰበ ሰው የአፓርትመንቱን ፐርሚት ለብቻ ይይ፣ ኮሎምበስ በጁላይ 2024 ዞኒንጉን (የት ምን ይሰራ የሚለውን ደንብ) ቀይሮ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ከፍ ያለ ሕንጻ ፈቅዷል።

አሁን ገበያው። ለሽያጭ የቆመውን ቤት ብዛት በወር በሚሸጠው አካፍሉት፣ 600 ቆሞ በወር 300 ከተሸጠ የሁለት ወር ቤት ነው ያለው፣ ሻጭ እንደልቡ ነው ማለት ነው፣ አምስት ስድስት ወር ሲሆን ሚዛኑ እኩል ይሆናል። ዲሴምበርን ከሜይ ጋር እንዳታወዳድሩ፣ በክረምት ገበያው ሁሌም ቀዝቀዝ ይላል፣ የሚወዳደረው ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ነው። ቤት የጠፋበት አንዱ ምክንያት ወለድ ነው፣ 300 ሺህ ዶላር ብድር ለ30 ዓመት በ3 ፐርሰንት በወር 1,265 ነው፣ በ7 ፐርሰንት 1,996 ነው፣ በ2021 ሪፋይናንስ ያደረገ፣ ማለትም ብድሩን በዛ ዝቅተኛ ወለድ የቀየረ ሰው ምን ቆርጦት ይሸጣል?

የመጨረሻው ታክስ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚዘለው ደሞ እሱን ነው። ካውንቲ ኦዲተሩ (የቤት ዋጋ የሚገምተው ቢሮ) ዌብሳይት ላይ የቤቱን አድራሻ ጻፉ፣ መቼ በስንት እንደተሸጠና በዓመት ስንት ታክስ እንደሚከፈልበት ይወጣል። ኦሃዮ ታክስ የሚያስከፍለው በገበያ ዋጋው 35 ፐርሰንት ላይ ነው፣ የ300 ሺህ ቤት 105 ሺህ ተብሎ ይሰላል። ቤቶች በየስድስት ዓመቱ እንደገና ይገመታሉ፣ መሀል ላይ በሦስት ዓመቱ ማስተካከያ አለ። ፍራንክሊን በ2023 ሲገመት የመኖሪያ ቤት ዋጋ በአማካይ 41 ፐርሰንት ገደማ ወጣ፣ ታክሱ ግን በዛው ልክ አይዘልም፣ ከ1976 ጀምሮ ያለ ሕግ ግምት ሲጨምር አብዛኛውን የታክስ ተመን ወደታች ስለሚስበው። የፍራንክሊን ቀጣዩ ማስተካከያ 2026 ላይ ነው፣ ቢሉ 2027 ይመጣል።

አዲስ የተሰራ ቤት የምትገዙ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ኦሃዮ ታክስ የሚከፈለው አንድ ዓመት ወደኋላ ሆኖ በጃንዋሪ 1 በነበረው ሁኔታ ስለሆነ የመጀመሪያው ቢል ባዶ መሬቱን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ባንኩም ኢስክሮውን (ለታክስና ለኢንሹራንስ ብሎ ከወርሃዊ ክፍያችሁ ጋር የሚሰበስበውን) በዛ ያሰላዋል፣ ቤቱ ሲመዘገብ ወርሃዊው ክፍያ ድንገት በመቶዎች ይጨምራል፣ ያለፈው ጉድለትም ላዩ ላይ ይደመራል። የታክስ ቅናሽ ያለው ቤት ከሆነም መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ፣ ኮሎምበስ ውስጥ እስከ 15 ዓመት የሚሰጥ አለ፣ የቀድሞው ባለቤት 12ቱን በልቶት ሊሆን ይችላል። ገዝታችሁ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ኦዲተሩ ከከፈላችሁት በላይ ከገመተው እስከ ማርች 31 ለካውንቲው የግምት ይግባኝ ቦርድ ማመልከት ትችላላችሁ፣ የቅርብ ጊዜ የግዢ ውል ካላችሁ እሱን አያይዙት፣ ከዛ የተሻለ ማስረጃ አታገኙም።