የበስተር ኪተንን ድምፅ አልባ ፊልም ለጎረቤት ለማሳየት

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለጎረቤቶችዎ ድምፅ አልባ ፊልም ማሳየት ካሰቡ፣ ከአሜሪካዊው ተዋናይ ከበስተር ኪተን ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣውን «አንድ ሳምንት» የተሰኘውን ያስቀድሙ። ፊልሙ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ አዲስ ሙሽሮች በሣጥን ታሽጎ የመጣላቸውን ቤት ሲገጣጥሙ፣ አንድ ቀናተኛ የሣጥኖቹን ቁጥር ስለቀያየረው ቤቱ ተጣሞ ይቆማል። ወለሉና በሩ ያላለቀ ቤት ተረክቦ ከአናጢና ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ሲሟገት የከረመ ጎረቤት ይህን ማንም እንዲያብራራለት አይፈልግም።

ነጩን አንሶላ በሕንፃው ጎን ሲወጥሩ፣ የሜዳው ነፋስ እንዳያርገበግበው የታችኛውን ጠርዝ በአጣና ጠቅልለው በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ ያንጠልጥሉበት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት አይጀምሩ። መብራት ከጠፋ ፕሮጀክተሩም ስለሚጠፋ፣ ጄኔሬተር ያለውን ባለሱቅ በቀን ያነጋግሩ።

እነዚህ ፊልሞች በዘመናቸው በፒያኖ ይታጀቡ ስለነበር ክራር የሚጫወት ጎረቤት ካለ ይጋብዙ፤ ኪተን ሲወድቅ ሳይሆን ከወደቀ በኋላ ክሩን እንዲመታ ግን አስቀድመው ይስማሙ። በመሃል የሚመጡትን ጽሑፎች አንድ ሰው በአማርኛ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የቀን መቁጠሪያው ቅጠል በተገነጠለ ቁጥርም ቀኑን ይጥራ። በፊልሙ መጨረሻ ባቡሩ ሲመጣ ግን ፈጽሞ ዝም ይበል።

የሕይወት ታሪኩን ከ5 ደቂቃ በላይ አያስረዝሙ፤ እኔ በመጀመሪያው ምሽት ከልደቱ እስከ ሞቱ ተርኬ ስጨርስ ከፊት የተቀመጡት ሕፃናት እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 በካንሳስ መወለዱን፣ አባቱ በልጅነቱ መድረክ ላይ እያነሣ ይወረውረው እንደነበርና ሳይስቅ ሲቀር ተመልካቹ ይበልጥ እንደሚስቅ ያኔ መረዳቱን፣ በ1917 ወደ ፊልም መግባቱን መንገር ይበቃል። ያ የማይፈታ ፊቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ የሚያዩት ሰዎች ቂመኛ ይመስላቸዋል።

የቀረውን ከፊልሙ በኋላ ያውሩት። በ1928 ኤምጂኤም ከተባለው ትልቅ የሆሊውድ ፊልም ኩባንያ ጋር መፈራረሙ በገዛ ፊልሙ ላይ የነበረውን ሥልጣን አሳጣው፤ መጠጡም ተከተለ፤ በእኔ ግምት ከባለድምፅ ፊልም መምጣት ይልቅ የጎዳው ይህ ውል ነው። በዚያው ዓመት በወጣው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» በተሰኘው ፊልሙ የቤት ፊት ሙሉ በሙሉ ሲወድቅበት፣ ክፍቱ መስኮት በጥቂት ጣት ልዩነት አልፎት ቆሞ ይቀራል። ይህችን ትዕይንት ለመጨረሻ አስቀምጠው ሁለት ጊዜ ያሳዩ፤ ግድግዳው የእውነት ነበር ወይ ብለው ከተመልካቹ መካከል ያሉ ግንበኞች መጠየቃቸው አይቀርምና፣ አዎን፣ የእውነት ነበር ብለው ይመልሱላቸው።