ሂት ትራንስፈር ወይስ ሰብሊሜሽን? በማስታወቂያ ዕቃዎች ላይ የሚታዩ የኅትመት ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በገላን፣ በለገጣፎና በቡራዩ የሚገኙ አነስተኛ የኅትመት ቤቶች ለጥምቀት፣ ለምረቃና ለድርጅቶች ማስተዋወቂያ ቲሸርት፣ ኮፍያና ኩባያ ያትማሉ። ሥራው ተበላሽቶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ማሽኑ ቢሆንም፣ የብልሽቱ ዋና ምንጭ የተመረጠው የኅትመት ዘዴ ከዕቃው ጋር አለመስማማቱ ነው። ሰብሊሜሽን በወረቀት ላይ የታተመ ቀለም በሙቀት ወደ ዕቃው የሚገባበት ዘዴ ሲሆን፣ ሂት ትራንስፈር ደግሞ የተዘጋጀ ጽሑፍ ወይም ሥዕል በማሽኑ ትኩስ ሳህን ተጭኖ በዕቃው ላይ የሚለጠፍበት ነው። ስለዚህ ንድፉ ከመሠራቱ በፊት ዕቃው ከምን እንደተሠራ መታወቅ አለበት።

ኅትመቱ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ከደበዘዘ፣ በሰብሊሜሽን የታተመው በጥጥ ላይ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። የሰብሊሜሽን ቀለም ከ190 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ከጠጣር በቀጥታ ወደ ጋዝ ተለውጦ የፖሊስተርን ክር ዘልቆ ይገባል፤ ጥጥ ግን ይህን ቀለም አይዝም። ጨርቁን ለመለየት ከስፌቱ ጠርዝ አንድ ክር መዝዞ በጥንቃቄ ማቃጠል ይበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ሲሆን፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ወደ ሂት ትራንስፈር መዞር እንጂ ሙቀቱን መጨመር አይጠቅምም።

በጥቁር ወይም በጠቆረ ሰማያዊ ቲሸርት ላይ ሥዕሉ ጨርሶ ካልታየ ምክንያቱ የሰብሊሜሽን ቀለም ብርሃን አሳላፊ መሆኑና ነጭ ቀለም የሌለው መሆኑ ነው። ለጠቆረ ጨርቅ ቪኒል (በቅርጽ ተቆርጦ በሙቀት የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ) ወይም ሌላ የሂት ትራንስፈር ዓይነት ይመረጣል።

በቪኒል የተለጠፈው ጽሑፍ ከጠርዙ ሲላቀቅ ግን ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ቪኒሎች ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ሙቀት ለ10 እስከ 15 ሰከንድ ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው ልክ አምራቹ የጻፈው ነው። በክረምት ጨርቁ እርጥበት ስለሚይዝ ቪኒሉ ከመቀመጡ በፊት ባዶውን ጨርቅ በትኩሱ ሳህን ለ5 ሰከንድ ያህል መጫን ያስፈልጋል። በከተማው ዳርቻ ያለን ሰዎች በተለይ ልንጠነቀቅበት የሚገባው የመብራት መዋዠቅ ነው። ለ220 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ 180 ቮልት ብቻ ሲደርሰው ኃይሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት ከአንዱ ቲሸርት ወደ ሌላው ሲታለፍ ሳህኑ ያጣውን ሙቀት ቶሎ አይመልስም፣ በተከታታይ ከተሠሩት ውስጥም የኋለኞቹ ደካማ ሆነው ይወጣሉ። መፍትሔው በየመሃሉ ሙቀቱ እስኪመለስ መታገሥ፣ አቅሙ ለማሽኑ የሚበቃ የቮልቴጅ ማረጋጊያ መጠቀም፣ እንዲሁም የማቅረቢያ ቀን ቢቃረብም አለመቸኮል ነው። ቪኒሉን የሚሸፍነው ፊልም ሲነሳም፣ ሲቀዘቅዝ የሚላጥ ዓይነት ከሆነ በትኩሱ መላጥ ያላቅቀዋል። ደንበኛው ቢያንስ ለ24 ሰዓት እንዳያጥበውና ሲያጥብም ገልብጦ እንዲያጥብ መንገር የሻጩ ኃላፊነት ነው።

በቀይ ፖሊስተር ላይ የተለጠፈ ነጭ ጽሑፍ ቀስ በቀስ ሮዝ ከሆነ የጨርቁ ቀለም በሙቀቱ ተነሥቶ ወደ ቪኒሉ ገብቷል ማለት ነው፤ በዝቅተኛ ሙቀት የሚለጠፍና ቀለም የሚያግድ ሽፋን ያለው ቪኒል መግዛት ያስፈልጋል። በሰብሊሜሽን የታተመው ሥዕል ጥላ ካበጀ ደግሞ ወረቀቱ ተንሸራቷልና ሙቀት በሚችል ቴፕ ይጠበቅ።

ኩባያን በተመለከተ፣ ሰብሊሜሽን በተለመደው ሸክላ ላይ አይይዝም፤ ፖሊመር የተቀባ መሆን አለበት። የተቀባውን ካልተቀባው በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር፣ ከእያንዳንዱ ካርቶን አንድ ኩባያ አትሞ በሳሙናና በሻካራ ስፖንጅ መፈተግ፣ ቀለሙ ካልለቀቀ ብቻ የቀሩትን ማተም ተገቢ ነው።