ፖርሽ 914 በሩ አልዘጋ ሲል፦ የሻንሲ ችግርና መፍትሄ

ፖርሽና ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1976 በጋራ ያወጧት 914 ሞተሯ ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት የተቀመጠ ባለ ሁለት ሰው ስፖርት መኪና ናት። ራሱን የቻለ ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ጣሪያዋ ተነቅሎ ኋላ የሚቀመጥ ፋይበር ግላስ ስለሆነ ምንም አይሸከምም። ፊቷንና ኋላዋን አንድ አድርገው የሚይዙት በዋናነት በሁለቱ በሮች ሥር የሚዘልቁት ባዶ የላሜራ ሣጥኖችና ቱኔሉ፣ ማለትም በወለሉ መሃል ከፊት ወደ ኋላ የሚዘልቀው ባዶ ጉብታ፣ ናቸው። ሣጥኖቹን እዚህ “የጎን ተሸካሚ” እላቸዋለሁ።

ይህችን መኪና የያዘ ሰው “ሻንሲዋ ላላ” ብሎ የሰማ እንደሆነ ቶሎ ማጠናከሪያ ላሜራ ገዝቶ ወደ ብየዳ ይሄዳል። እባካችሁ ቀድማችሁ መርምሩ። ዝገት ላይ የተበየደ ማጠናከሪያ ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠነክርም። የሰመጠ ወገብ ላይ ከተበየደ ደግሞ መኪናዋን እንደሰመጠች ያደርቃታል፤ ያንን ለመመለስ ሥራውን ሁሉ መቁረጥ ነው።

ምልክት፦ በሩ ከኋላ በኩል ላይኛው ጠርዙ ይፋቃል፤ ጣሪያውም ሲገጠም ቦታው አልገባ ይላል

መጀመሪያ ማጠፊያውን አጣሩ። በሩን ከፍታችሁ ጫፉን ወደ ላይ አንሱት። ከተንቀጫቀጨ የማጠፊያው ፒን አልቋል ማለት ነው፤ ይህ ቀላል ሥራ ነው። ካልተንቀሳቀሰ መኪናዋን ደልዳላ ወለል ላይ አቁሙና በበሩና በኋለኛው ምሰሶ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም ለኩ። ሁለት ሰው አስገብታችሁ ደግማችሁ ለኩ። ላይኛው ክፍተት ከጠበበ ወገቧ እየሰመጠ ነው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የጎን ተሸካሚው ከውስጥ መዛጉ ነው። ወደ መቀመጫው የሚሄደው የማሞቂያ አየር ቱቦ የሚያልፈው በዚሁ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የገባ እርጥበት እዚያው ይቀራል። ከውጭ የሚታየው የበር ሥር ሽፋን ደግሞ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ሲያብረቀርቅ አትመኑት፤ ፍቱት። ውስጡን በመዶሻ እጀታ እየመታችሁ ስሙ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። የክሪክ ማስገቢያው አካባቢ የተጨማደደ ወይም ስቱኮ የተለጠፈበት ከሆነ ከዚያ ጀምሩ።

ለቀኝ በኩል የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባትሪው ከሞተሩ ክፍል በስተቀኝ ይቀመጣል፣ ከላይ ያለው ወንፊት ዝናብ ያስገባል። አሲድና ውሃ ተቀላቅለው የባትሪውን መቀመጫ ይበሉና ወደ ጎን ተሸካሚውና የቀኝ ኋላ ጎማ ክንድ ወደሚታሰርበት መያዣ (የኋላ እግር መያዣ) ይወርዳሉ። የመኪናዋ ወዳጆች ቦታውን “የገሃነም ጉድጓድ” ይሉታል፤ ስሙ አልበዛበትም። 914 ልትገዙ የምትሄዱ ከሆነ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ባትሪውን አስነሱና ሥሩን እዩ።

መፍትሄው ረጅም ነው፤ ቅደም ተከተሉንም አታዛቡ። ባትሪውን ንቀሉ። ከፊት ያለውን ነዳጅ ታንከር አውጡ። የነዳጅ ቱቦዎቹ በመሃል ቱኔል ውስጥ የሚያልፉ ፕላስቲክ ናቸው፤ ከዕድሜ ብዛት ስለሚሰነጠቁ እነሱም ወጥተው ቱኔሉ አየር ሳይገባው አንዲት የብየዳ ብልጭታ አትፈንጥቅ። ይህን ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም፤ እነዚህ መኪኖች በእሳት የሚጠፉት በብዛት ከነዳጅ ቱቦ የተነሳ ነው።

ከዚያ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ከማጠፊያው ምሰሶ ወደ ኋላው ምሰሶ፣ በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥር ብረት እሰሩ። ብረቱን እያዞራችሁ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል እስኪሆን መልሱት። ከወለሉ በታች ግራና ቀኝ አቻ የሆኑ ነጥቦችን ምረጡና ሰያፉን ለክታችሁ ጻፉ። ቁጥሩ ሳይጻፍ መቁረጥ አይጀመር። እኔ አንዴ “በዓይን ይበቃል” ብዬ ቆርጬ በሩን ለመግጠም ስመለስ ቦታው ጠፍቶብኝ ሦስት ቀን የሠራሁትን ብየዳ በግራይንደር አንስቻለሁ።

አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። የዛገውን የሚያበራ ብረት እስክታገኙ ቁረጡ። አዲሱ ላሜራ ውፍረቱ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ከዋናው ጋር የተመሳከረ ይሁን። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር በይዳችሁ ወደ ሩቅ ጫፍ ሂዱ፣ የመጀመሪያው ሲበርድ ተመለሱ። ሙቀት ላሜራን ይጎትታል፤ ብረቱ ታስሮም ቢሆን ቀጥ ብሎ የተሠራውን ያጣምመዋል። በየጊዜው በሩን ገጥማችሁ ክፍተቱን እዩ።

ምልክት፦ ጋዝ ስትለቁ ወይም ጉድጓድ ስታልፉ ከቀኝ ኋላ ይንኳኳል፤ ጅራቷ በራሷ መንገድ ትሄዳለች

ሰው አሞርቲዛቶር ይቀይራል፣ አላይመንት ያሠራል፣ ከሳምንት በኋላ ያው ነው። የኋላ እግር ክንድ የሚታሰርበት መያዣ ተሰንጥቆ ወይም በአሲድ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። ጎማውን አንስታችሁ አንድ ሰው በረጅም ብረት ክንዱን ሲገፋ እናንተ መያዣውን በባትሪ መብራት እዩ፤ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ስፌት ከከፈተ አገኛችሁት። ስንጥቁን ብቻ መበየድ ለጥቂት ወር ነው። መያዣውን ቀይሩ፣ ከላይ ያለውንም ቦታ አብራችሁ አድሱ፣ አላይመንቱም ከዚያ በኋላ ይሠራ።

ምልክት፦ የፍሪሲዮን ፔዳል ይላላል፣ ካምቢዮ አይገባም

ይህ የሻንሲ መላላት ይመስላል ግን አይደለም። የፍሪሲዮኑ ገመድ የሚያልፍበት ቱቦ በቱኔሉ ውስጥ ከተበየደበት ሲላቀቅ ነው የሚመጣው። ቱኔሉን ከፍቶ ቱቦውን መልሶ መበየድ ነው። ቱኔሉ ለነዳጅ ቱቦ የተከፈተ ዕለት አብሮ ይሠራ።

ምልክት፦ ዝገት የለም፣ ነገር ግን ሰፊ ጎማና ጠንካራ ሞላ ከገባ ወዲህ ጣሪያው ይጮኻል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል

ማጠናከሪያ ላሜራ ቦታው እዚህ ነው። ፖርሽ ራሱ ለውድድር ያዘጋጃትን ባለ ስድስት ሲሊንደሯን 914/6 ጂቲ ከኋላ በተጨማሪ ላሜራ አጠንክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በሌ ማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ከአጠቃላይ 6ኛ የወጣችው እሷ ናት። የኋላ እግር መያዣዎቹን ከጎን ተሸካሚው ጋር የሚያያይዙት ላሜራዎች ይቅደሙ። በመኪናው ውስጥ በጎን ተሸካሚው ላይ የሚለበሰው ሁለተኛ ነው፤ ምንጣፉን ማንሳት ይጠይቃል። ለመንገድ ብቻ የምትነዱ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃችኋል ባይ ነኝ፤ የበዛው ብረት ክብደት ነው፣ የዚህች መኪና ውበት ደግሞ ቅልጥፍናዋ ነው። መኪናዋ ብትገለበጥ ሰው የሚያድን የደህንነት ቱቦ ካስገባችሁ እግሩ በወለሉ ላሜራ ላይ ሳይሆን በጎን ተሸካሚው ላይ ይረፍ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የተበየደውን ፀረ ዝገት ቀብታችሁ በሣጥኖቹ ውስጥ ሰም በረጅም ቱቦ ርጩ። አሲድ የማያፈስ ዝግ ባትሪ ግዙ። ከወንፊቱ ሥር የነበረው የውሃ መቀበያ ሳህን ጠፍቶ ከሆነ አሠርታችሁ መልሱ። ሰሙ ሲደርቅ ከታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በሽቦ ክፈቷቸው።