ነጻ ድረ ገጽን ያለ አስጨናቂ ማስታወቂያ ማቆየት

መጀመሪያ ወጪውን ይቀንሱ፤ ያን ጊዜ ማስታወቂያ መደራረብ አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ሰርቨሩን (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) የሚያጨናንቀው ፎቶ ነው። ከስልክ እንደወጣ የሚጫን ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሆናል። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አሳንሰው በዌብፒ (የፎቶ ፋይልን በሚያቀልል ፎርማት) ቢያስቀምጡት አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ኪሎባይት አያልፍም። አንባቢውም እኮ ለዳታው ከኪሱ ነው የሚከፍለው! ከጎብኚው ጋር ያለውን ግንኙነት ለማመስጠር የሚያስፈልገውን የደኅንነት ሰርተፍኬት አይግዙ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ ይሰጣል። እድሳቱን ግን አውቶማቲክ ያድርጉት፤ ጊዜው ካለፈ ብራውዘሩ ጎብኚውን አስጠንቅቆ ይመልሰዋል።

ማስታወቂያ ካስገቡ፣ በጉግል አድሴንስ (ገጽዎ ላይ ማስታወቂያ አሳይቶ በሚከፍልዎት አገልግሎት) ቅንብር ውስጥ ስክሪን የሚሸፍነውንና ከታች የሚለጠፈውን ዓይነት ያጥፉ። በጽሑፉ መሃል አንድ 300 በ250 ፒክስል ቦታ ይበቃል፤ ቁመቱን በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) አስቀድመው ይያዙለት። አለዚያ ማስታወቂያው ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋና አንባቢው ሳያስበው ይነካዋል። እንዲህ ያለ ክሊክ ሲበዛ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል። በራሱ ድምፅ የሚያሰማ ቪዲዮ ፈጽሞ አያስገቡ።

አድሴንስ የሚከፍለው ሂሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ስለሆነ፣ ትንሽ ገጽ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። የሆስቲንጉን (የሰርቨር ኪራዩን) ክፍያ በእሱ ላይ አይጣሉ፤ የዓመቱን ወጪ በግልጽ አስፍረው ተጠቃሚውን መዋጮ ይጠይቁ።