ከእንሰት ቃጫ ናኖሴሉሎስ ማዘጋጀት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚገኙ አነስተኛ ቤተ ሙከራዎች

ናኖሴሉሎስ ከዕፅዋት ሴሉሎስ (የዕፅዋት ቃጫ ዋና መሥሪያ ከሆነው ቁስ) ተፈልቅቆ የሚወጣ፣ ውፍረቱ በናኖሜትር ማለትም በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ የሚለካ ቁስ ነው። ጥሬ ዕቃው ታዳሽ መሆኑ ብቻ ግን ሥራውን አረንጓዴ አያደርገውም፤ ቤተ ሙከራው የተጠቀመበትን ኮስቲክ ሶዳና አሲድ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚለቅ ከሆነ፣ ጉዳቱ ሊተካው ካሰበው ፕላስቲክ ላያንስ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተመረጠው አሠራር የሚያስከትለው ፍሳሽም ታስቦበት ነው።

በከተማዋ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው የጤፍ ጭድ ቢሆንም፣ ለከብት መኖና ለጭቃ ምርጊት የሚፈለግ ስለሆነ ገበሬው የሚጥለው አይደለም። የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ሊግኒን (ዕፅዋትን የሚያጠነክርና ሴሉሎስን አጣብቆ የሚይዝ ቁስ) ይበዛበታል፤ በሰበታና በሆለታ የአበባ እርሻዎች የሚቆረጠው የጽጌረዳ ግንድ ደግሞ የፀረ ተባይ ቅሪት ሊኖርበት ይችላል። የጫት ገራባም ሴሉሎስ አያጣም፤ ነገር ግን ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ ለቀማው ያሰለቻል። ለጀማሪ ተመራጩ፣ ለቆጮ ሥራ እንሰት ሲፋቅ የሚገኘው ቃጫ ነው፤ ሴሉሎሱ ብዙ፣ ሊግኒኑ አነስተኛ በመሆኑ ጥቂት ኬሚካል ይበቃዋል፤ ገመድ ከሚሠሩ ሰዎች የሚተርፈው አጭር ቁርጥራጭም ለሥራው በቂ ነው።

ቃጫው ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ተቆራርጦ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ 1 ግራም 20 ሚሊሊትር ሒሳብ በ4 በመቶ የኮስቲክ ሶዳ ሙሙት ውስጥ ገብቶ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ሰዓት ይማሰላል፤ ከታጠበም በኋላ ይህ አንድ ጊዜ ይደገማል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በቆላ ወይም በባሕር ጠረፍ የተዘጋጁ መመሪያዎች 100 ዲግሪ ሲሉ በክፍት ዕቃ ያንን መድረስ አይቻልም፤ ሰዓቱን ማርዘም ይሻላል። ሊግኒኑና ሄሚሴሉሎሱ (ከሴሉሎስ ጋር ተያይዞ የሚገኝ ሌላ የዕፅዋት ቁስ) ሲሟሙ ፈሳሹ እንደ ጠላ ይጠቁራል። የሁለተኛው ዙር ፈሳሽ ገና ኃይል ስላለው አይደፋም፤ ለሚቀጥለው ጥሬ ቃጫ የመጀመሪያ ዙር ይውላል።

ለማንጣት በረኪና መጠቀም የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ክሎሪን ያዘሉ ጎጂ ውሕዶችን ስለሚፈጥር አይመከርም። 4 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ፒኤችው (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ወደ 11 ተስተካክሎ፣ በ60 ዲግሪ እስኪነጣ ድረስ ቢደጋገም ይበቃል፤ እሱ የሚፈርሰው ወደ ውሃና ኦክስጅን ነው። የነጣው ፐልፕ (እርጥቡ የቃጫ ገንፎ) ከዚህ በኋላ መድረቅ የለበትም፤ አንዴ ከደረቀ የቃጫው ክሮች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ወደ ናኖ መጠን መፈልቀቅ ያስቸግራሉ።

ቀጣዩ ምርጫ ከሁሉ የከበደው ነው። የታወቀው መንገድ ፐልፑን በ64 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ በ45 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ ያህል አቆይቶ፣ በ10 እጥፍ ቀዝቃዛ ውሃ ማስቆም፣ በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ቅንጣትን ከፈሳሽ በሚለይ መሣሪያ) ማጠብና በዳያሊሲስ (ቀሪውን አሲድ በስስ ሽፋን አሳልፎ በማውጣት) ማጥራት ሲሆን፣ ውጤቱ ናኖክሪስታል ማለትም አጭር ዘንግ መሰል የናኖሴሉሎስ ቅንጣት ነው። ከጋራዥ የሚገኘው የባትሪ አሲድ ለዚህ በጣም ቀጭን ነው፤ አፍልቶ ለማጠንከር መሞከርም አደገኛ ነው። አሲድ ሲቀጠን ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ተጠቅመው የጨረሱት አሲድ በኖራ ከተገደለ በኋላ የሚዘቅጠው ጀሶ ነው። የአሲድ ጋዝ መሳቢያ የሌለው ቤተ ሙከራ ግን ይህን መንገድ ትቶ፣ እርጥቡን ፐልፕ 1 በመቶ አድርጎ በውሃ በመበጥበጥ በከፍተኛ ፍጥነት በሚዞር መፍጫ ደጋግሞ ቢያሳልፈው ናኖፋይብሪል ማለትም ረጅም ቀጭን የናኖሴሉሎስ ክር ያገኛል፤ መጠኑ የተስተካከለ ባይሆንም ለማሸጊያ ሥራ ይሆናል።

ውጤቱ በሌዘር መብራት ሊፈተሽ ይችላል፤ ጨረሩ በፈሳሹ ውስጥ መንገዱን ካሳየ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተሠራጭተዋል ማለት ነው። ትክክለኛው ልኬት ግን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል፤ ለዚህም ቂሊንጦ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መጠየቅ ይቻላል። ፈሳሹ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ በረዶ እንዲሆን ግን አይፈቀድለትም። ደረቅ ዱቄቱን መፍጨትም፣ ብናኙ ወደ ሳንባ ስለሚገባ፣ መወገድ አለበት።

ፌስታል በ2017 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስለተከለከለ የማሸጊያ ፍላጎቱ ግልጽ ነው። 5 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 1.5 ግራም ግሊሰሪንና በደረቅ ክብደት 0.2 ግራም ናኖሴሉሎስ በ100 ሚሊሊትር ውሃ ተበጥብጦ በ85 ዲግሪ እስኪወፍር ከተማሰለ በኋላ በትሪ ላይ ፈስሶ ይደርቃል። ፊልሙ ከተራ የስታርች ፊልም ይጠነክራል፤ ውሃ ግን አይችልም፣ ስለዚህ ለበርበሬና ለመሰል ደረቅ ነገር እንጂ ለእርጥብ ምግብ ወይም ለችግኝ ማፍያ አይሆንም።

የናኖሴሉሎሱ ፈሳሽ ለውሃ ማጣሪያም ይውላል፦ ሲትሪክ አሲድ ተጨምሮበት ደርቆ በ120 ዲግሪ ሲሞቅ ካርቦክሲል (በውሃ ውስጥ ኔጋቲቭ ቻርጅ የሚይዝ የኬሚካል ክፍል) ይይዛል፣ ከዚያም እርሳስ (ሊድ) የተባለውን ብረትና ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን ባለ ሦስት ቫለንስ ክሮሚየም ይስባል። ባለ ስድስት ቫለንሱን ክሮሚየም ግን፣ በውሃ ውስጥ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው፣ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የሚጣራው ፍሳሽ የትኛውን እንደያዘ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ብረቱን የጠገበው ማጣሪያ በቀጭን አሲድ ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ሲያረጅ ግን አደገኛ ቆሻሻ በመሆኑ፣ ምንም እንኳ የተሠራው ከዕፅዋት ቢሆን፣ ከኮምፖስት ጋር አይቀላቀልም።