የሞተር ጀልባ ባትሪ ሲደክም፦ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት

ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ክፍል) «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ብዙ ሰው ወዲያው ባትሪ ሊገዛ ይሮጣል። ተረጋጉ። ባትሪው ደህና ሆኖ ጥፋቱ የኬብል ሊሆን ይችላል። መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ካላችሁ ራሳችሁ ትለዩታላችሁ።

1. መጀመሪያ አየር ይግባ። የቤንዚን ትነት ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል፤ ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን ያወጣል። ክዳኑን ክፈቱ። ቤንዚን ከሸተታችሁ ገመድ አትንኩ። ቀለበትም አውልቁ።

2. ባትሪውን አሳርፋችሁ ለኩ። ቻርጅ ከተደረገ ጥቂት ሰዓት ካላለፈ ቁጥሩ ይሸውዳችኋል። በተለመደው ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ 12.6 ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ገደማ፣ 12.0 ደግሞ ሊያልቅ ነው። ዝቅ ካለ ቻርጅ አድርጉት። ከዚያ ገመዶቹን ነቅላችሁ አሳድሩት። ጠዋት በራሱ ወደ 12.2 ከወረደ አትድከሙ፣ አልቆለታል።

3. ቁልፉ ሲዞር ለኩ። ዋናው ምርመራ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር፣ እናንተ ቮልቱን ተመልከቱ። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪውን ጠርጥሩ። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሪኖው ከደከመ ግን ኬብሉን ተከተሉ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ የእርሳስ ራስ ላይ አድርጉ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ የዚያው ኬብል መጨረሻ ላይ፣ ሞተሩ ጋ። ቁልፉ ሲዞር ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጉልበቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። በኔጌቲቩም ድገሙት።

ማሰሪያውን ስትፈቱ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ታገኙ ይሆናል። ኔጌቲቩን ቀድማችሁ ፍቱ፣ ስትመልሱ መጨረሻ እሰሩት። ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጣችሁ በብሩሽ አጽዱ፤ ወደ ባትሪው ውስጥ ግን እንዳይገባ። በእጅ የሚጠብቅ ባለ ክንፍ ዳዶ ካለ በቁልፍ በሚጠብቅ ቀይሩት። የሞተር ንዝረት ያላላዋል።

4. ሞተሩ ሲነሳ ትንሽ ነዳጅ ስጡትና ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ጥሩ ነው። 12.4 ላይ ከቆመ ቻርጅ አያደርግም፤ ከፊውዙ ጀምሩ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል ግን ክልክል ነው፣ ቻርጅ የሚያደርገውን ክፍል ያቃጥላል። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ማምሻውን መብራትና ሙዚቃ ከፍቶ ቀስ እያሉ መንሸራሸር ደስ ይላል፤ ትንሽ ሞተር ግን በዚያ ፍጥነት የሚሞላው እዚህ ግባ አይባልም።

5. ባትሪው ቆሞ የሚያልቅ ከሆነ የውሃ ማውጫ ፓምፑን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ማጥፊያ ውጪ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ይታሰራል። ተንሳፋፊ ማብሪያው በቆሻሻ ከተያዘ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ማብሪያውን በእጃችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት።

ሁሉም ደህና ሆኖ ባትሪው ከደከመ መቀየር ነው። የሞተር ማስነሻ ባትሪ ምረጡ፣ ጉልበቱም የሞተሩ መመሪያ ከሚጠይቀው አይነስ። ሁለት ባትሪዎች ጎን ለጎን ታስረው ከሆነ ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል።