ቀልድ መጻፍን፣ ሙዚቃንና ፕሮዲዩሰርነትን አንድ ላይ ማስኬድ፦ ከዶናልድ ግሎቨር የሥራ መንገድ

ዶናልድ ግሎቨር «30 ሮክ» ለተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ በጸሐፊነት ሲቀጠር ዕድሜው 23 ዓመት ነበር፤ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የድራማ ጽሑፍ ትምህርቱን ያጠናቀቀውም በዚያው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቻይልዲሽ ጋምቢኖ በሚል ስም በሚያቀነቅናቸው ዘፈኖች፣ ወይም ራሱ ፈጥሮ፣ ጽፎና ተውኖ ባቀረበው «አትላንታ» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ ነው። ሙዚቃን ከተማሪነቱ ጀምሮ በጎን ይሞክር የነበረ ቢሆንም የመጀመሪያ እንጀራውን ያገኘው ከብዕሩ ነው። ሦስቱን ሙያዎች አንድ ላይ ለመያዝ ለሚያስብ ጀማሪ ከዚህ ሰው ሕይወት የምወስድለት ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ዘፈኑም ሆነ ፕሮዲዩሰርነቱ የሚቆመው በጽሑፉ ላይ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ተጽፎ ያለቀ ሥራ ይኑርዎ። ግሎቨርን የ«30 ሮክ» ፈጣሪ ለሆነችው ለቲና ፌይ ካስተዋወቁት ጽሑፎች አንዱ ማንም ሳያዘው «ሲምፕሰንስ» ለተባለው የካርቱን ኮሜዲ በናሙናነት የጻፈው ድርሰት ነበር። ይህ አሠራር ለእኛም ይጠቅማል። በየሳምንቱ ከሚተላለፉት የአማርኛ ሲትኮሞች በደንብ የሚያውቁትን አንዱን ይምረጡና ገጸ ባሕርያቱን ሳይቀይሩ፣ አዲስ ሰው ሳይጨምሩ፣ አንድ ሙሉ ክፍል ይጻፉለት። በተለመደው የስክሪፕት አቀራረብ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሚሆን ከ25 እስከ 30 ገጽ ይበቃል። የራስን ገጸ ባሕርይ ማናገር ቀላል ነው፤ ሌላ ሰው የፈጠረውን ገጸ ባሕርይ በራሱ አንደበት ማናገር መቻል ግን የሚቀጥርዎ ሰው የሚፈልገው ችሎታ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ቀልዱን የሚያቆመው ወይም የሚጥለው የቃላቱ ቦታ ነው። አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። አንድ አዛውንት ለታክሲ ረዳት 200 ብር ይሰጣሉ፤ ረዳቱ ዝርዝር የለውም፤ ታክሲው መጨረሻው ደርሶ ሰው ሁሉ ሲወርድ አዛውንቱ «መልሴን ሳትሰጠኝ አልወርድም» ይላሉ። የመጀመሪያው ረቂቅ ረዳቱን እንዲህ ያናግረዋል፦ «እንግዲያው ደርሶ መልስ እንደከፈሉ አድርገን እንቆጥረውና ተቀምጠው ይመለሳሉ ማለት ነው።» ሐሳቡ አለ፤ ሳቁ ግን አይመጣም። «ደርሶ መልስ» ከአፉ ከወጣ በኋላ ተመልካቹ ሰባት ተጨማሪ ቃላት ለመስማት ስለሚገደድ ሊስቅ ያሰበው ሁሉ ይበርድበታል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያሳርፍ ቋንቋ በመሆኑ ይህ ችግር በየገጹ ያጋጥማል፤ መፍትሔውም ወይ የሚያስቀውን ነገር ራሱን ግስ ማድረግ፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ከዚያው ላይ መቁረጥ ነው፦ «ቁጭ ይበሉ አባባ። የእርስዎ ደርሶ መልስ!» ግስ የለውም፤ ሰው ሲነጋገር ግን እንዲህ ነው የሚናገረው። አንቱታውንም አይንኩት፤ ረዳቱ አዛውንቱን «አንተ» ቢላቸው ነገሩ ብልግና ይሆናል፣ በትሕትና ሲመልስ ግን ትሕትናውና ድፍረቱ በአንድ አፍ ስለሚገናኙ ሳቁ ይበልጣል።

ረቂቁን ለሦስት አራት ሰዎች ጮክ ብለው ያንብቡና የሳቁበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ያልሳቁበት ቦታ ላይ ማብራሪያ መጨመር የብዙ ጀማሪዎች ስሕተት ነው፤ እዚያ ቦታ የሚያስፈልገው መቀነስ ነው።

ወደ ዘፈን ስንመጣ ሕጉ ይገለበጣል። በጭውውት የሚያስቀው ቃል ሳይታሰብ መምጣት አለበት፤ በዘፈን ግን ስንኙ ቤት መምታት ስላለበት አድማጩ የሚያርፍበትን ፊደል አስቀድሞ ያውቀዋል። አንዱ ስንኝ በ«ና» ካለቀ ጆሮ ቀጣዩንም በ«ና» ይጠብቃል። ጥሩ የኮሜዲ ግጥም ይህን መጠበቅ መሣሪያው ያደርገዋል፤ የተጠበቀውን ፊደል ይሰጣል፣ የተጠበቀውን ቃል ግን ይነሳል። ይህን ከአዝማሪ የተሻለ የሚያስተምር አላውቅም። አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲወረውር አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ተቀብሎ ይዘፍነዋል፤ መሳቅ አለመሳቃቸውንም እዚያው በዓይኑ ያያል። አንድ ምሽት አዝማሪ ቤት ተቀምጠው የትኛው ስንኝ ቤቱን እንዳሳቀ፣ የትኛው ዝም እንዳሰኘው ይመዝግቡ። ዜማውና ቅንብሩ ግን በቁም ነገር መሠራት አለባቸው፤ ግጥሙ ሲቀልድ ሙዚቃውም አብሮ ከቀለደ ሁለቱም ይረክሳሉ።

ግሎቨር በሙዚቃ የታገዘው «ኮሚዩኒቲ» በተባለው ኮሜዲ ላይ በተዋናይነት ሲሠራ ባገኘው ሰው ነው። የዚያ ድራማ ሙዚቃ ደራሲ የነበረው ስዊድናዊው ሉድቪግ ጎራንሰን ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዘፈኖቹን አብሮት ሠራ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበሙን ፒችፎርክ የተባለው የሙዚቃ መጽሔት ከ10 ነጥብ 1.6 ነበር የሰጠው። ሁለቱ ሰዎች ግን አልተለያዩም፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በግራሚ አራት ሽልማት ያገኘውና የዓመቱን ሪከርድና የዓመቱን ዘፈን ሽልማት በመውሰድ የመጀመሪያው ራፕ የሆነው «ዚስ ኢዝ አሜሪካ» የተሰኘው ሥራም የእነዚሁ ሁለት ሰዎች ነው። አብሮ የሚሠራ አቀናባሪ ሲመርጡ ስሙን ሳይሆን ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላም አብሮዎ የሚቀጥል መሆኑን ይመልከቱ።

ፕሮዲዩሰር የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚያወጣውን ሰው ብቻ ያመለክታል፤ በሙዚቃ ድምፁን የሚቀርጸው ሰው ደግሞ አቀናባሪ ይባላል። እዚህ የምናገረው ስለ ሦስተኛው ነው፤ ሥራውን አስቦ፣ ሰው አሰባስቦ፣ ከጽሑፍ እስከ ስርጭት በኃላፊነት ስለሚያደርሰው። በ2016 እ.ኤ.አ. ለተጀመረው «አትላንታ» ግሎቨር የሰበሰባቸው ጸሐፊዎች ሁሉም ጥቁሮች ነበሩ፣ ወንድሙ ስቲቨንም አንዱ ነበር፤ ብዙ ክፍሎችን ያዘጋጀው ሂሮ ሙራይ ደግሞ ይታወቅ የነበረው በሙዚቃ ቪዲዮ ነው። ግሎቨር የፈለገው የሚጻፍለትን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ነበር። እርስዎም በአነስተኛ አቅም ሲጀምሩ ከሁለት የማይበልጡ የቀረጻ ቦታዎች ያሉት ታሪክ ይምረጡ፤ የቀረጻ ቀናትን፣ ትራንስፖርትን፣ ምሳንና የመሣሪያ ኪራይን አንድ በአንድ ጽፈው ካልደመሩ ካሜራ አይከራዩ።

ከስምምነት በፊትም ስቱዲዮ አይግቡ። አንድ ጊዜ ለአንድ ዘፈን ግጥም ጽፌ፣ በቃል ብቻ ተማምነን ስለነበር ሥራው ሲወጣ ስሜ የትም አልነበረም፤ የማሳየው ወረቀት ስላልነበረኝም ምንም ማድረግ አልቻልኩም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ይሁን እንጂ ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን፣ ከገቢውም ለማን ስንት እንደሚደርስ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ሁሉም ፈርመውበት፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቅጂ መስጠት የእርስዎ ሥራ ነው። ይህም ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ገንዘብ ሳይመጣ፣ ሁሉም በፍቅር ሳሉ ይደረግ።